የልብስ ሰፊው ሳቅ

በዚያ ቤት ውስጥ አባት፣ እናትና አንዲት ልጅ ይኖሩ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በኋለኛው ክፍል ይበስላል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ በመንገድ በኩል ያለው የፊተኛው ክፍል ደግሞ የአባትየው የልብስ ስፌት ቤት ነው። አባት ሱሪ ያሳጥራል፣ የጠበበውን ያሰፋል፣ የሰፋውን ያጠባል፣ ዚፕ ይቀይራል። እናት ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ልጅቷ ደግሞ… ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ መጠበቅ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ያስገባችው ማመልከቻ መልስ አጥቶ፣ እሷም ሰው መገናኘት አስጠልቷት፣ ከኋለኛው ክፍል አልጋ ላይ ስልኳን ታቅፋ ትውላለች። አባት በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በመጋረጃው በኩል ብቅ ብሎ ያያትና ምንም ሳይል ተመልሶ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። ምን ይበል? ቢልስ ምን ሊረባት?

ደግሞም መናገር አይሆንለትም። ዝምተኛ ሲባል እንዲህ እንደ ዋዛ የሚባል ዝምተኛ አልነበረም! ቀኑን ሙሉ እስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ ለደንበኛ የሚመልሰው ራሱን በመነቅነቅ ነው፤ እስፒሎቹ ከአፉ ሲወጡም ልማዱ አብሮ አይወጣም። የሰፈሩ ሰው "ከሱማ መኪናው ይሻላል፣ እሱ እንኳ ያወራል" እያለ ይቀልድበት ነበር። አንድ ጓደኛ ነበረው፤ በአጠገቡ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ የሚተኩስ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ተኳሹ ሲያወራ፣ ልብስ ሰፊው ሲሰማ፣ እንዲሁ ተዋደው ኖሩ። ሳቅማ ጭራሽ! ልጅቷ አባቷ ፈገግ ሲል እንጂ ሲስቅ አይታ አታውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለች የአባቷን ጫማ በእጇ አጥልቃ፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫዋ ደፍታ ልታስቀው ትለፋ ነበር፤ እሱ ግን ራሷን ዳሰስ አድርጎ ያልፋታል። እናትም ተስፋ ቆርጣ "የኔ ባል ሳቁን ለቁም ነገር አስቀምጦት ነው" ትል ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ሳቁ የመጣ ዕለት "ከየት መጣህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው ያልተገኘው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ግዙፍ ደንበኛ አባት ያሳጠረለትን ሱሪ ለብሶ እያጉረመረመ መጣ። የለበሰው ሱሪ ቀኙ እግር ጫማው ላይ ተኝቷል፤ ግራው ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አራት ጣት ተሰቅሏል። "ሰውዬ!" አለ ደንበኛው በሩን ሞልቶ፤ "አንዱ እግሬ ከአንዱ ያጥራል ያለህ ማን ነው?" እናት ደነገጠች፤ መርፌው ጣቷን ወጋት። ባሏ ሁለቴ ሳይለካ መቀስ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው! ልጅቷ ጩኸቱን ሰምታ ከኋላ ወጣች። ሰውየው አባቷን የሚመታባት መሰላትና ማስረጃ ቢሆን ብላ ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው እስፒሎቹ ከአባቷ ከንፈር አንድ በአንድ መሬት የወደቁት። ከዚያም ውኃ ጠፍቶበት የሰነበተ ቧንቧ ድንገት ሲመጣለት እንደሚንደቀደቀው፣ ያ ዝምተኛ ደረት በሳቅ ተንደቀደቀ። ሳቀ! ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ግንባሩ እስኪቀላ ሳቀ! ደንበኛው መጀመሪያ በቁጣ አየው፤ ቀጥሎ የራሱን እግር አየ፤ ከዚያ እሱም ከት ብሎ ሳቀ። እናት የምትደማ ጣቷን እንደያዘች ሳቀች። ልብስ ተኳሹ ካውያውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጥቶ "ተአምር ነው! ዲዳው ሳቀ!" እያለ በሩን ተደግፎ ተንፈራፈረ። ልጅቷም ሆዷን ይዛ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ያ ቤት እንዲያ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም ነበር።

ቪዲዮውን "አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ" ብላ ለቀቀችው። ማታ ሦስት ሺህ ሰው አየው፤ በማግስቱ መቶ ሺህ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሚሊዮን። "ይህን ሰውዬ ሳይ ጭንቀቴ ለቀቀኝ"፣ "አባቴን አስታወሰኝ"፣ "ጋሼ ሳቅ ይኑሩልን"… አስተያየቱ እንደ ዝናብ ወረደ። ስሙም በዚያው "ጋሼ ሳቅ" ሆኖ ቀረ። የእሱ ሳቅ የስልክ ጥሪ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ይሰማል፣ ቢሮ ውስጥ ይሰማል። ሰዎች ሱሪ የሚያሳጥሩ መስለው እየመጡ "ጋሼ፣ አንዴ ሳቁልን" ይሉ ጀመር። ልጅቷ ከአልጋዋ ተነሣች! ፀጉሯን ተሠራች፣ ከሰው ጋር አወራች፣ በስልክ "አዎ፣ ልጁ ነኝ" ማለት ለመደች። አባት በምሳ ሰዓት በመጋረጃው በኩል ብቅ ሲል አልጋው ባዶ ነው። ይህን ባዶ አልጋ ባየ ቁጥር ፊቱ ላይ የምትታየው ደስታ፣ ያቺ ትንሽ ፈገግታ፣ የእሱ የራሱ ነበረች። እሷን ግን ማንም አልቀረጻትም።

የሳቁ ነገር ሌላ ነው። መጀመሪያ ያስተዋለችው እናት ናት።

"ዓይኑ አይስቅም" አለች አንድ ቀን ለልጇ፤ "ሲስቅ ልብ ብለሽ እዪው። አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስጠራውም አይሰማኝም።"

"እማዬ ደግሞ! ዕድሜውን ሙሉ ሳይስቅ ኖሮ አሁን ቢደሰት ምን ከፋሽ?"

"እኔ እንጃ… አልወደድኩትም።"

አንድ የማይታወቅ ሰውም በቪዲዮው ሥር ጽፎ ነበር፤ "እኚህን አባት ሐኪም አሳዩአቸው። ይህ ሳቅ ጤና አይመስለኝም፤ ወንድሜ እንዲህ ያደርገው ነበር" ብሎ። ልጅቷ አነበበችው። "ምቀኛ!" አለችና አጠፋችው፤ ሰውየውንም ብሎክ አደረገችው። ያቺ አንዲት የአውራ ጣት ንክኪ! ከሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ሰው እውነቱን ሊነግራት መጥቶ ነበር፤ እሷም በሩን ዘጋችበት። ምን ታድርግ? ምስጋና የለመደ ጆሮ ሌላ ነገር መስማት ይችላል?

ብዙም ሳይቆይ አንድ ፍራሽ ነጋዴ መጣ። ጋሼ ሳቅ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ቢስቁለት ከሱቁ ፍራሽ አንዱን ለቤቱ ሊሰጥ፣ ልጅቷንም የሱቁን ማስታወቂያ በቋሚነት ሊያሠራት ቃል ገባ። ሥራ! ሦስት ዓመት የጠበቀችው ሥራ! ግን ሳቁ በትእዛዝ አይመጣም። መብራት ተደቅኖ፣ ካሜራ ተደግኖ፣ አባት ፍራሹ ላይ እንደ ሬሣ ተዘርግቶ ግማሽ ቀን ተጠበቀ፤ ምንም የለም። ነጋዴው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ልጅቷ ግን ብልህ ናት፤ ብልህነቷ ነው ጉዷ! ቤት ገብታ የቀረጸቻቸውን ሁሉ እያየች አሰበች። ሳቁ መቼ መቼ ነው የመጣው? የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደራርቦበት ሳይተኛ ባደረ ማግስት። ቁርስ ሳይበላ በዋለ ቀን። ሲደክመው፣ ሲዝል። መላውን አገኘችው።

"አባዬ" አለችው፣ "ለነገው ቀረጻ ሳትተኛ ብታድርልኝስ? ሲደክምህ ነው የምትስቀው።"

አባት ልጁን አያት። "ያስደስትሻል?"

"ሥራ ነው እኮ አባዬ! እንጀራዬ ነው!"

"እሺ" አለ።

እሺ ብሎ ሳይተኛ አደረ፤ ሳይበላ ሄደ፤ ሳቀላቸውም። ከዚያ ወዲያ ይኸው ልማድ ሆነ። ለስልክ ሱቁ ምረቃ፣ ለጥርስ ሳሙናው፣ ለሠርግ ቤቱ… በየሣምንቱ አንድ ሁለት ቀን አባት እንቅልፉን ይገብራል። ልጅቷ እንዳይተኛ ከአጠገቡ ቁጭ ብላ ታጫውተዋለች፤ ትከሻውን ነቅነቅ ታደርገዋለች። እሷ በፍቅር ነው የምታደርገው፤ እሱም በፍቅር ነው የሚታዘዘው። አንድ ቀን "ልጄ፣ ይህ ሳቅ እኮ የኔ አይደለም። ይመጣብኛል እንጂ አላመጣውም" ብሏት ነበር። እሷም "ተሰጥኦ እንዲህ ነው አባዬ፣ ሳይጠሩት ይመጣል" ብላ ግንባሩን ሳመችው። ወይ ነዶ! በዚያው ሰሞን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀምሮ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እያቃተው እናት ታስገባለት ነበር። እርጅና ነው ተባለ።

መከራ ደግሞ ብቻውን መምጣት አይወድም። ያ ልብስ ተኳሽ፣ ያ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ አንድ ጠዋት ካውያውን ሊያሞቅ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። አባት ሁለት ቀን አልበላም፣ አልተኛም። ከአስከሬኑ ጋር አደረ፤ ለመቃብሩ የሚለብሰውን ሱፍ ራሱ ሰፋለት፣ በጓደኛውም ካውያ ራሱ ተኮሰለት። በቀብሩ ላይ ከፊት ቆሞ ነበር። አፈሩ ሳጥኑ ላይ መውደቅ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ እንባውን ሲያፈስ፣ ልጅቷ የአባቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየች። "አይሆንም… አባዬ፣ አይሆንም…" ብላ ክንዱን ጨበጠችው። ሳቁ መጣ። በዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ በሟች ሚስት ፊት፣ ከት ከት ብሎ ሳቀ! አፉን በሁለት እጁ አፈነው፤ በጣቶቹ መካከል አፈትልኮ ወጣ። ልቅሶው ቆመ። የሟች ሚስት እንባዋን ሳትጠርግ ቀርባ "ባሌን… እንዲህ ነበር የምትወደው?" አለችው። ከዚያ ሕዝብ ኋላ ደግሞ አንድ ስልክ ከፍ ብሎ ይቀርጽ ነበር።

ያው ሚሊዮን ሕዝብ ነው ያየው። ትናንት "ይኑሩልን" ያለው እጅ ዛሬ "ውርደት"፣ "ለዝና ብሎ በሬሣ የሚስቅ"፣ "ድሮም ተውኔት ነበር" ብሎ ጻፈ። ፍራሽ ነጋዴው ስልክ ዘጋ። የልጅቷም ሥራ በዚያው ቀረ። ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ እንኳ ሌላ ልብስ ሰፊ ፈለገ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አንዲት ስትራመድ የምትዘፍን ዳክዬ ተገኘችና ሕዝቡ ወደሷ ነጎደ፤ ስድቡም ምስጋናውም አብሮ ቆመ። አባት ግን ከዚያ ቀን አልወጣም። ከጓደኛው ጋር የሚያገናኘውን ግድግዳ እያየ "አልሳቅኩበትም… እኔ አልሳቅኩበትም" ይል ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በዕድሜው ሙሉ ያልተናገረውን ያህል ጊዜ ይህችን ደጋገማት። ማን ይስማው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲሠራ ቆየና ድምፁ ሳይቋረጥ በአንድ ቦታ ላይ ይደጋግም ጀመር። እናት ቀና ስትል የባሏ እግር መርገጫውን እንደረገጠ ነው፤ ፊቱ ግን ጨርቁ ላይ ተደፍቷል፤ መርፌው በአውራ ጣቱ አልፏል። አላመመውም። አልሰማውም።

ሆስፒታል ሲወስዱት አንዲት ሐኪም የራስ ቅሉን ምስል መብራት ላይ ሰቅላ መረመረች። ከዚያ ልጅቷን ብቻዋን አስቀመጠቻት።

"እጢ ነው። አድጓል። ሳቅ ነበረው? ያለ ምክንያት የሚመጣ?"

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እንደሚጥል በሽታ ነው፤ አንዳንዱን መሬት ይጥለዋል፣ አንዳንዱን ያስቀዋል። መቼ እንደጀመረው ታስታውሻለሽ? ቀኑን ባውቀው ጥሩ ነበር።"

ታስታውሳለች ወይ? ቀኑ ተጽፏል እኮ! ከነሰዓቱ፣ ከነደቂቃው፣ ሦስት ሚሊዮን ምስክር ፈርሞበት ተጽፏል! ስልኳን አውጥታ ለሐኪሟ ሰጠቻት። ሐኪሟ አየችው፤ አልሳቀችም። ከዚያ ከማይታወቅ ሰው በቀር ያንን ቪዲዮ አይቶ ያልሳቀ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

"ያን ሰሞን መጥታችሁ ቢሆን…" ብላ ጀመረችና ተወችው። "እንቅልፉስ? በደንብ ይተኛ ነበር? እንቅልፍ ማጣት ይህን ነገር በጣም ነው የሚያባብሰው።"

ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጎንበስ፣ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለችና ግንባሯ ጉልበቷን ነካ። ምን ብላ ትመልስ? "እኔ ነኝ ትከሻውን እየነቀነቅኩ የከለከልኩት" ትበል? የገዛ አባቷን በሽታ በገዛ እጇ ስትቀልበው፣ ሲፋፋላት ስትስቅ፣ ሕዝብ ጠርታ ስታስጨበጭብለት ኖራለች!

ተቆርጦ የሚወጣ አልነበረም። አባት በዚያ በተሰጠው ፍራሽ ላይ ተኛ፤ አሁን የሚከለክለው የለምና ቀን ከሌት ተኛ። ከሁሉ በፊት በሽታው የወሰደው ንግግሩን ነበር። የልብስ ተኳሹ ሚስት እውነቱን ሰምታ መጥታ እግሩ ላይ ተደፍታ "ይቅር በለኝ ወንድሜ" ስትለው፣ አፉ ተከፍቶ ምንም አልወጣውም። ልጅቷም አንድ ቀን ከአጠገቡ ተንበርክካ ሁሉን ተናዘዘችለት፤ የእንቅልፉን፣ ያጠፋችውን አስተያየት፣ ሁሉን። "አባዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ" አለችው። እሱ እጇን ሳበና መዳፉን ዘርግቶ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ በስንዝሩ ለካት፤ እጅጌ ሊሰፋላት እንደሚለካት አድርጎ። ይቅርታ ነበር? ስንብት ነበር? ወይስ የጠፋ አእምሮ የእጅ ልማድ ብቻ? እስከ ዛሬ አታውቀውም። በአራተኛው ቀን ሞተ። ሲሞት አልሳቀም።

ከተቀበረ በኋላ ልጅቷ ካሜራ ፊት ብቻዋን ቁጭ ብላ "የአባቴ ሳቅ በሽታ ነበር፤ እባካችሁ ድምፁን ከስልካችሁ አጥፉልኝ" ብላ አልቅሳ ለመነች። ሁለት መቶ ሰባት ሰው አየው። የራሷን ገጽ ዘጋች፤ ሳቁን ግን ሌላው ቀድሞ ቀድቶታል። የምትጠራው፣ የምትከሰው ሰው የለም። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ኪስ ውስጥ አባቷ ይስቃል፤ ሰውየው ስልኩን አንሥቶ "ሄሎ" ይላል፤ አባቷ ዝም ይላል።

ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ልጇን ጠራቻት።

"እስቲ አባትሽን አሰሚኝ።"

"እማዬ፣ ያንን ሳቅ ምን ያደርግልሻል?"

"ሳቁን አይደለም። ሲያወራ። አንድ ቃል ይበቃኛል… ድምፁ እየጠፋብኝ ነው።"

ልጅቷ ስልኳን ከፈተች። አርባ ሦስት ቪዲዮ ነበራት። አንድ በአንድ እያዩ ወረዱ፤ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ። አንድ ቃል የለም! ቃል ጠፍቶ ግን አልነበረም። በየቀረጻው መጨረሻ፣ ሳቁ ሲለቀው፣ አባት ላቡን በእጅጌው ይጠርግና ወደ ልጁ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር። ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ነገር። እሷ ደግሞ ተመልካች ሳቁ ላይ ሲያልቅለት ስለሚወድ ያቺን ጫፍ ሁልጊዜ ትቆርጣት ነበር። አርባ ሦስት ጊዜ ተናግሮ፣ አርባ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ተጣለ።

"ምን ነበር የሚልሽ?" አለች እናት።

ልጅቷ የሚስቀውን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ንገሪኝ እንጂ! እሱ እንደሚለው አድርገሽ በዪልኝ።"

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋን ወደ ታች አወረደች፤ የዚያን የደከመ ሰው ድምፅ ፈለገችና በግድ አገኘችው።

"በቃሽ?" አለች።

እናት ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ከአጠገቧ፣ ከመኪናው ጀርባ የጠየቃት ይመስል ፊቷን ወደዚያ አዞረች።

"አልበቃኝም" አለች። ከዚያ ጮኸች። "አልበቃኝም! ኧረ አልበቃኝም!"

ልጅቷ እናቷን ልታቅፍ ስትነሣ ስልኩ ከጭኗ ወደቀ። ዕድል የምትሉት ነገር እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለዝምተኛ ሰው የሚሊዮን ሕዝብ ጆሮ ሰጥቶ፣ ያለችውን አንዲት ቃል ይወስድበታል። ማንን እንውቀስ? ቪዲዮውን ያየን ሁሉ እኛም ስቀንበታል። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ስልኩ ከመሬት ላይ ሆኖ መሳቁን ቀጠለ፤ ጎንበስ ብሎ የሚያጠፋው ሰው ግን አልነበረም።